አቶ ወደኋላ ባሕር ዳርቻ የሄደ ጊዜ

የእህቴን ባል የማያውቅ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ፤ አንዱንም ዓመት የሚመልስልኝ የለም። ሥራው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተራ ማስከበር ነበር። አዎ፣ እሱ ነው፤ ያ በግራ እጁ የብረቱን ምሰሶ ይዞ፣ በቀኝ እጁ ሰው እየገፈተረ «ወደኋላ! ወደኋላ! አንቺ ባለ ቢጫ ሻርፕ፣ ወደኋላ አልኩሽ እኮ!» የሚለው። ፊሽካም ነበረው፤ ግን አይነፋውም፣ ጉሮሮው ይበልጣል። በስሙ የሚጠራው ስለሌለ ሰፈሩ በሙሉ «አቶ ወደኋላ» ይለዋል። እሱ ደግሞ ማዕረግ መስሎት ደረቱን ይነፋል።

ኩራቱ አንድ ነው፤ ለማንም አያዳላም። አንድ ቀን የገዛ እናቱ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ቢመጡ ወደ ሰልፉ ጫፍ ልኳቸዋል። ያውም የሐኪም ቀጠሮ ይዘው! ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይደብቀዋል። እሱ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ያወራዋል። «እናቴን እንኳ!» ይላል፣ ጣቱን ቀስሮ፣ አገር ያዳነ ይመስል። ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ቦታህን ለሌላ ሰው ከለቀቅክ፣ አንተም ያ ሰውም ሁለታችሁም ወደ ጫፍ። «ተራ አይሰጥም! የሰጠ ሰው ድሮም አልቸኮለም» ይላል። አንዱ ተማሪ ለነፍሰ ጡር ቦታ ለቆ በዚህ ሕግ ፈተና አምልጦታል።

ከዚያ ጡረታ ወጣ። የወጣው ግን ከፌርማታው እንጂ ከአመሉ አይደለም። ቤት ገባና ቤቱን አሰለፈው። ልጃቸው አግብታ ወጥታለች፤ ቤት ያሉት እሱና እህቴ ብቻ ናቸው። ሁለት ሰው ምን ሰልፍ አለው ትሉ ይሆናል። አለው! እህቴ ፊቷን ልትታጠብ ብድግ ስትል «ቀድሜ የተነሳሁት እኔ ነኝ» ይላታል። ገብቶ ግን አይታጠብም፤ መስታወት ያያል። ፍሪጁንም አልማረው። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይበላል አለ። የትናንቱ ሾርባ ሳያልቅ የዛሬው አይነካም፤ የትናንቱ ሲያልቅ የዛሬውም በተራው የትናንት ሆኗል። ምስኪን እህቴ ትኩስ ነገር አፏ ከገባ ዘጠኝ ወር አለፋት።

ልጃቸው ይህን አየችና ጨነቃት። ባሕር ዳርቻ ካለ አንድ ሆቴል ለቅዳሜና እሁድ ክፍል ያዘችላቸው። «እማዬ ትረፍልኝ» አለች። እህቴ ግን እኔ አብሬያቸው ካልሄድኩ እንደማትሄድ ነገረችኝ። ለምን ስላት ቡና ቤት ወስዳ አስቀመጠችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አንቺ ምስክር ነሽ። ሁለት ቀን ብቻ ነው የምለምነው። ሁለት ቀን ማንንም ሳያሰልፍ አጠገቤ ከተቀመጠ፣ ቀሪ ዕድሜዬን አብሬው እጨርሳለሁ። ካልሆነ ቦርሳዬን ይዤ አንቺ ጋ ነኝ» አለችኝ።

«ለእሱስ ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለ?»

«ሳቀ።»

እኔም ወዲያው የጓዳ ክፍሌን መጥረግ ጀመርኩ። አላጋነንኩም፤ በማግሥቱ ፍራሹን ፀሐይ አስመታሁት።

ሆቴሉ ደህና ነው፣ አልዋሽም። አልጋው ላይ ፎጣ እንደ ወፍ አጣጥፈው አስቀምጠዋል። ባሕሩ ከመስኮቱ ይታያል ተብሏል፤ አንገትን አውጥቶ ወደ ግራ ለጠመዘዘ ሰው ይታያል። እህቴ ግን ያንኑ አይታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እይው! እይው! ወዲያ ማዶ የለውም!» ትለዋለች። እሱ ቁልቁል የመኪና ማቆሚያውን እያየ «ይሄ ጥበቃ መኪናውን በዘፈቀደ ነው የሚያስገባው» አለ።

ወርደን ውሃው ዳር መጋደሚያ ወንበር ላይ ጋደም አልን። አርባ ደቂቃ ታገሠ፤ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። እግሩ ግን እንደ ስፌት መኪና ፔዳል ይወርዳል ይወጣል። እህቴ እጁን ያዘችው። ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ብላለች፣ የታጨች ቀን እንኳ እንደዚያ ፈገግ ብላ አላየኋትም። እኔም ለአፍታ፣ እንግዲህ ፍራሼን በከንቱ ነው ያሰጣሁት ብዬ ነበር።

ምሳ ደረሰ። ቡፌ ነው። የሆቴሉ እንግዶች እነዚያ ወርቅ በወርቅ የሆኑት ሁሉ፣ ምግብ አይተው የማያውቁ ይመስል ከሁለቱም ጫፍ ገቡበት። አንዷ ዓሣውን በእጇ ታነሳለች፣ አንዱ ሦስት ሳህን ይዟል። አቶ ወደኋላን አየሁት። ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«ውሃ ላምጣልሽ» አላት።

«ውሃ አለኝ።»

«ቀዝቃዛ» አለና ሄደ።

ደቂቃ አልሞላም። «አንድ ረድፍ! አንድ ረድፍ! ከሰላጣው ጀምሩ! አንተ ባለ ጥቁር መነጽር፣ ከየት ብቅ አልክ?»

ባለ መነጽሩ ዞር ብሎ «አንተ ማነህ?» አለው።

«ማንም ልሁን። አንተ ግን ወደኋላ ነህ።»

ሰውዬው ይሰድበዋል ብዬ ስጠብቅ ሄዶ ቆመ! አንዱ ሲቆም ሌላውም ቆመ። ይህን ሁሉ ከፍለው የመጡ ሰዎች፣ በነጠላ ጫማ ለቆመ ሽማግሌ ሳህናቸውን አቅፈው ተሰለፉ። ሰው ሰልፍ ካየ ጭንቅላቱን አውልቆ ኪሱ ይከተዋል ልበል? ጉንዳን እንኳ እንዲህ አይሰለፍም።

እህቴ አቀርቅራ ሾርባዋን ታማስላለች። «ርቦት ነው» አለችኝ። «ሰው ሲርበው ይረበሻል።» ለባሏ ሰበብ በመፈለግ የሚያህላት የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠልጥናበታለች።

ቀጥሎ ማናጀሩ መጣ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ሲራመድ ወለሉን የሚያባብል ልጅ ነው። ሊያባርረው ነው ብዬ ተመቻቸሁ። ልጁ ሰልፉን አየ፤ የወጥ ቤት ሠራተኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሮጡ ሲያቀርቡ አየ። «አባባ፣» አለው በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «እጅግ እናመሰግናለን፤ እንዲህ ያለ ሰው ነበር የጎደለን።» ሄዶም የሆቴሉ ምልክት ያለበት ነጭ ቆብ አመጣለት። እንኳን እናቱ ሞታ እንዲያውም አልቅስ አልቅስ የሚለው ሰው! ቆቡን በሁለት እጁ ተቀብሎ አጠለቀው።

«ሹመት ያዳብር ጋሼ» አልኩት።

«አሜን!» አለኝ። ሽሙጤን እንኳ በአግባቡ አይቀበልም።

ማታ ራት ላይ እህቴ ቆቡን ከራሱ አነሳችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ስማኝ። ዛሬን ተውኩልህ። ነገ ከሰዓት በጀልባ እንወጣለን፣ እኔና አንተ ብቻ። ባሕሩ ውስጥ ያለውን ያንን ትልቅ ድንጋይ ዞሮ ይመለሳል አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

«እሺ» አለ።

«እሺ በል በደንብ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ! ምን ሆነሻል?»

እሁድ ጠዋት ስንነሳ የለም። ቆቡም የለም። ብንፈልገው የጀልባው መሳፈሪያ የእንጨት ድልድይ ላይ ቆሟል። ጀልባው ስምንት ሰው ይጭናል፤ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ የመጨረሻው ጉዞ አሥር ሰዓት ነው። ጀልባ ነጂው ቀድሞ የመጣውን በፈገግታ የሚያሳፍር ገራገር ሰው ነበር። አሁን ከኋላው አቶ ወደኋላ «ስምንት! ዘጠነኛው ወደኋላ!» እያለ ይጮኻል። ምሳም አልበላም። እህቴ ሳንድዊች በናፕኪን ጠቅልላ በእኔ ላከችለት። ወሰድኩለት።

«አስቀምጪው» አለኝ ሳያየኝ። «አንቺ ደግሞ መሃል አትቁሚ፣ መንገድ ይዘጋል።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እህቴ ለዚህ ቀን ያሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለበሰች። ጸጉሯን ሁለት ጊዜ አበጠረች። «አሁን ይበቃዋል» አለችኝ። «ቀጠሯችን ስለሆነ፣ ሲያየኝ ይመጣል።»

ወረድን። ድልድዩ ላይ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ተሰልፈዋል። እሷ ሰልፉን አልፋ ቀጥ ብላ ወደሱ ሄደች፤ ምክንያቱም ልትሳፈር ሳይሆን ባሏን ልትወስድ ነው የመጣችው። እጇን ዘረጋችለት።

«ወደኋላ» አላት።

«እኔ ነኝ እኮ።»

«አየሁሽ። ሰልፉ ከወዲያ ነው።»

«አብረን እንሄዳለን አላልክም? የመጨረሻው ጀልባ እኮ ነው።»

እሱ ወደ ሰዎቹ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ባለቤቴ ናት! እያያችሁ ነው? ባለቤቴን እንኳ!» ጣቱን ቀሰረ። ሰዎቹ ሳቁ። አንዳንዱ፣ እግዜር ይይለት፣ አጨበጨበ።

ከፊት የነበረ አንድ ወፍራም ሰውዬ ብቻ ደህና ሰው ወጣው። «እናቴ፣ በእኔ ቦታ ይግቡ፤ እኔ ትናንት ሄጃለሁ» አለ።

«ተራ አይሰጥም!» ብሎ ጮኸ አቶ ወደኋላ። «አንተም ወደኋላ!»

ወፍራሙ ሰውዬ ግራ ተጋብቶ እህቴን አየ፣ እሷ ደግሞ እሱን አዝና አየችው። ሁለቱም ሄደው ጫፍ ላይ ቆሙ። እኔ ምላሴን ነከስኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን ነክሼው አላውቅም። ጀልባ ነጂው «ኧረ አባባ፣ አንድ ሰው ልጨምር፣ ይችላል» ቢለው፣ «ስምንት ተብሏል፣ ስምንት!» አለው። ጀልባው ስምንት ሰው ይዞ ሄደ። እህቴ እስከ ድንጋዩ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ቀሚሷን ነፋሱ ያርገበግበዋል። አላለቀሰችም። ቢያንስ ብትረግመው ደስ ባለኝ ነበር።

«ነይ፣ ዕቃችንን እንሸክፍ» አለችኝ።

ክፍል ገብተን ቦርሳዋን ስትዘጋ እሱ ፊቱ በርቶ መጣ። «ሰማሽ? ማናጀሩ በየሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ ና ብሎኛል! ማደሪያና ምግብ በነሱ! ያን ሰልፍ ሲያይ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ተአምር ነው አለ!»

«ሂድላቸው» አለችው እህቴ። «እኔ እህቴ ጋ ነኝ ከዛሬ ጀምሮ። ነግሬህ ነበር።»

«እሺ እሺ» አለ፣ ቆቡን መስታወት ላይ እያስተካከለ። እሺ አለ እኮ! ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ ፈጣሪ ይወቀው።

አመሻሽ ላይ በአውቶቡስ ተመለስን። እሱ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጧል፤ የእኛን ቦርሳ መተላለፊያው ላይ አይቆምም ብሎ ጭናችን ላይ አስይዞናል። የኔ ሰፈር ፌርማታ ሲደርስ ተነሳን። በሩ ላይ ሰው ታጭቋል፤ ከታች የሚሳፈረው እየገፋ ነው። አቶ ወደኋላ ብድግ አለ። ይከለክላታል ወይ ይለምናታል ብዬ ጠበቅኩ።

«የሚወርድ ቅድሚያ!» አለ ሰዉን ወዲያና ወዲህ እየከፈለ። «መንገድ ስጡ! የሚወርድ ቅድሚያ!»

እህቴ በከፈተላት መሃል ቦርሳዋን ይዛ ወረደች። በሩ ተዘጋ። እሱ ውስጥ ሆኖ አሁንም ሰው ያስተካክላል።

ማታ ደወለ። ራት የት እንዳለ ነው የጠየቀው። «ፍሪጅ ውስጥ ነው» አለችው። «መቼ ትመጫለሽ?» ሲላት ድምፁ ከስልኩ እስከኔ ይሰማል። እኔ ከጎን ሆኜ «ተራህን ጠብቅ በዪው! በዪው!» እያልኩ በክርኔ ጎሸምኳት። እንቢ አለችኝ። እሷ እንደኔ አይደለችም።

«አልመጣም» አለችው፣ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደምታስረዳ። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣ ትኩስ ሻይ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ።