ትራክተሩን የመረጠልኝ አበልጄ

ሱዳን ውስጥ በባሱንዳ በኩል፣ ከመንደሩ ሼክ በእኩል የያዝኩት ሠላሳ ፈዳን፣ በእኛ አሥራ ሁለት ሄክታር የሚሆን መሬት ነበረኝ። አርማጭሆ ቢሆን ይህን ያህል መሬት የሚያርስ ሰው እንደ ባላባት ይቆጠር ነበር። ገዳሪፍ ግን የሺህና የሁለት ሺህ ፈዳን ጌቶች አገር ስለሆነ የእኔው እንደ ጓሮ ነበር የሚታየው። እዚያ የሚታረሰው በትራክተር ነው። ትራክተር የሌለን ሰዎች ጌቶቹ የራሳቸውን አርሰው እስኪጨርሱ እንጠብቃለን፤ ሲመቻቸው ነጂ ይልኩና በኪራይ ያርሱልናል። ብዙ ጊዜ የሚደርሱልን መሬቱ ጭቃ ሆኖ፣ የዘር ወቅቱ ካለፈ በኋላ ነበር። ከዚህ ጥበቃ ልላቀቅ ብዬ ከድንበር ማዶ ሁለት በሬ አስመጥቼ ሁለት ዓመት አረስኩ። ሦስተኛው ክረምት ሳይዘንብ ቀረ። ሳሩ አለቀ። አንደኛው በሬ ሞተ፤ ሌላውን ሳይሞት አረድነው።

ሰባ ሰባት ለእኔ እንዲህ ነው የጀመረው። ከማዶ ሰው በእግሩ መጉረፍ ጀመረ። የባለቤቴ ወንድም ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ቤታችን ደረሰ፤ አራተኛዋን መንገድ ላይ ቀብሯት ነበር። እኔ አላወቅኩትም። ባለቤቴም የገዛ ወንድሟን የለየችው በድምፁ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቴ ውስጥ አስር ሰው ሆንን።

አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቴ፣ «ዘንድሮ ቢዘንብ በምን ልታርስ ነው?» አለችኝ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀንበር አየሁ።

«ወርቄ አለ። ድርቁ ሳይመጣ ሰሊጡ የተሸጠበት ገንዘብም አለ። ትንሽ ትራክተር ፈልግ» አለች። ከጆሮዋ ላይ ወርቁን አውልቃ እጄ ላይ አደረገችልኝ።

ትራክተር ሲባል የታሰበኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አበልጄ። የመጀመሪያ ልጄን ገዳሪፍ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። ከአርማጭሆ አብረን ነው የወጣነው። በረሃው መሀል ወባ ጥሎኝ መራመድ ሲያቅተኝ ስንቁን ጥሎ እኔን የተሸከመኝ ሰው ነው። ሱዳን ከገባን በኋላ አንድ ትልቅ እርሻ ላይ ስድስት ዓመት ትራክተር ነዳ፤ ከዚያ ከእኔ መሬት አጠገብ ሃያ አምስት ፈዳን ያዘ። የሞተር ድምፅ ሰምቶ የት ቦታ እንደታመመ ይናገራል እየተባለ ከሩቅ መንደር ሳይቀር ሰው ይፈልገው ነበር።

«አበልጄ፣ እኔ የማውቀው በሬ ነው። ዓይኔም ጆሮዬም አንተ ሁንልኝ» አልኩት።

ደረቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «እኔ ቆሜ ማንም አያታልልህም» አለ።

ሦስት ቀን ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጠን አስተማረኝ። የእኛ ዋልካ ሲርስ ከባዱን ስለሚውጥ ቀላል ትራክተር ያስፈልገናል አለኝ። ከኋላ የማረሻውን ዲስክ የሚያነሳው ክንድ ሞተሩ ጠፍቶም ሳይወርድ መቆየት አለበት። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና አትንካው። አዲስ ቀለም የተቀባ ነገር ስታይ ደግሞ ምን ሸፍኖ ነው ብለህ ጠይቅ። ያስተማረኝ ሁሉ እውነት ነበር። ዛሬም ትራክተር ሊገዛ የሚሄድ ሰው ቢጠይቀኝ የምነግረው ያንኑ ነው።

መጀመሪያ ያየነው ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ የሎሚ አትክልት ከነበራቸው አንድ ሽማግሌ ሐጂ ዘንድ ነው። ድርቁ ጉድጓዳቸውን አንጥፎት ሎሚዎቹ ቆመው ደርቀዋል። ትራክተሯ ከአንድ ኒም ዛፍ ሥር ቆማለች። ትንሽ ናት፤ ቀይ ቀለሟ ፀሐይ በልቶት የሸክላ መልክ ይዟል። ሐጂው ቁልፉን አንድ ጊዜ ሲያዞሩት ተነሳች። ድምፁ ለስለስ ያለ ነበር። በሬ ስገዛ መጀመሪያ የምመለከተው አረማመዱን ነውና ሐጂውን «ትንሽ ይንዱልኝ» አልኳቸው። በደረቁት ሎሚዎች መሀል እየተጠማዘዘች ሄዳ ተመለሰች። ልቤ እዚያው ቀረ።

«ለነጋዴ አልሸጣትም፤ ለሚያርስባት ሰው ነው የምሸጣት» አሉ ሐጂው። «ስንት ቤተሰብ አለህ?»

«ከማዶ ከመጡት ዘመዶቼ ጋር አስር ነን።»

«እንግዲያው ያንተ ናት። እስከ ጁምዓ እጠብቅሃለሁ።»

አበልጄ ከሥሯ ገብቶ ቆየ። ወጥቶ የዘይቱን መለኪያ መዘዘና ወዲያው በጨርቅ ጠረገው። በሎሪ ስንመለስ ነው አፉን የከፈተው።

«አበልጄ፣ ተዋት። ዘይቷ ወተት ሆኗል። አንድ ክረምት አትሞላልህም።»

«እኔ እኮ አላየሁትም።»

«ሽማግሌው እንዳያፍሩ ብዬ ነው ቶሎ የጠረግኩት» አለኝ። እኔም ለሰው ክብር መጠንቀቁን አይቼ ይበልጥ ወደድኩት።

በማግስቱ ገዳሪፍ አንድ ነጋዴ ግቢ ወሰደኝ። እዚያ ያለው ትራክተር ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ ገና እጅ ላይ የሚቀር ይመስላል። ከሐጂው ትራክተር እጥፍ ይሆናል። የተማርኩትን አልረሳሁምና ጠየቅኩ።

«ይሄ ዋልካው ላይ አይሰምጥም?»

«አነዳዱን ካወቅክበት አይሰምጥም።»

«ክንዱስ? ሞተሩ ሲጠፋ ሲወርድ አየሁት።»

«ብዙ ቀን ስለቆመ ነው። ሥራ ሲጀምር ይጠነክራል።»

ነጋዴው ሻይ አስመጣ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ የሰጠው ለእኔ ሳይሆን ለአበልጄ ነበር። ያን ጊዜ ይህን ልብ ብዬ አላሰብኩበትም። የባለቤቴ ወርቅና የሰሊጡ ገንዘብ እዚያው አለቀ። አበልጄ ሁለት ሳምንት መንዳት አስተማረኝ፤ ትዕግሥቱ የሚገርም ነበር። ጁምዓ አለፈ። ለሐጂው መልስ ልላክ ስል «እኔ ነግሬያቸዋለሁ» አለኝ።

ከዚያ ዘነበ። እንደዚያ ያለ ዝናብ ባሱንዳ ከገባሁ ጀምሮ አላየሁም። የባለቤቴ ወንድም ከቤት ወጥቶ ራሱን ለዝናቡ ሰጥቶ ቆመ፤ ማንም ግባ አላለውም። መሬቱ ትንሽ ሲጠና ሰማያዊውን ይዤ ወጣሁ። አንድ መስመር አረስኩ። ሁለተኛው ላይ ልዞር ስል የኋላ ጎማዎቹ ገቡ፤ ዲስኩን ላነሳ ብል ክንዱ እንቢ አለ። የመንደሩ ሰዎች በገመድ ጎትተው አወጡልኝ። በማግስቱ ሌላ ቦታ ሞከርኩ። እዚያም ሆዱ መሬት እስኪነካ ሰመጠ። አበልጄን ሳስጠራው ሚስቱ ታማ ገዳሪፍ ሄዷል ተባልኩ።

በሦስተኛው ቀን ከገዳሪፍ አንድ መካኒክ አመጣሁ። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ።

«የክንዱ ፓምፕ ከሞተ ቆይቷል። ክብደቱም ለእናንተ አፈር አይሆንም። ማን ነው የመረጠልህ?»

«አበልጄ።»

«ሞተር ያውቃል?»

«ስድስት ዓመት የነዳ ነው።»

መካኒኩ እጁን ሲጠርግ ቆየ። «እንግዲያው አይቶታል» አለኝ።

ቃሉ እንደ ገባኝ አልነገርኩትም። አበልጄ ተሳስቶ ነው፣ ሰው ይሳሳታል እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ዋልኩ። በማግስቱ ጠዋት ከአበልጄ መሬት በኩል የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ለስለስ ያለ ድምፅ ነው። በሬ የለመደ ጆሮ ሞተር አይለይም ይለኝ ነበር፤ ያን ድምፅ ግን ለየሁት። ማሳውን አቋርጬ ሄድኩ።

ቀይዋ ትራክተር ላይ ተቀምጦ ያርሳል። ከኋላዋ ጥቁሩ አፈር እየተገለበጠ ይከተላታል። አንድም ቦታ አልሰመጠችም። ሲያየኝ ዞሮ የሚሸሽበት ስላልነበረው ፊቴ መጥቶ ቆመ።

«አጥፋትና አናግረኝ» አልኩት።

አጠፋት። ዲስኩ ከኋላዋ ተነስቶ ቀረ። ክንዱ ንቅንቅ አላለም። ሁለታችንም እሱን አየነው።

«ዘይቷ ወተት ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬሃለሁ።»

«ነበር ወይ?»

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «አልነበረም» አለ። «አበልጄ፣ እንደሷ ያለች አንድ ብቻ ነበረች። እኔም ልጆች አሉኝ። ዘንድሮ ካላረስኩ የት እደርሳለሁ? አንተ ወርቅ ነበረህ፤ ሌላ ታገኛለህ ብዬ ነው።»

«ብትነግረኝ አብረን እንገዛት አልነበረም? አንድ ቀን አንተ፣ አንድ ቀን እኔ እያረስን?»

ቀና ብሎ አየኝ። «እሱን አላሰብኩትም» አለ።

ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ፊቱን አየሁት፤ እውነቱን ነው። እኔን ሊጎዳ ሲያስብ ስንት ነገር ጠንቅቆ ያሰበ ሰው፣ ይህ አንድ ነገር ጭራሽ አልታየውም።

«የኔን ስጨርስ ያንተንም አርስልሃለሁ፤ በነፃ» አለኝ።

«ስትጨርስ?» አልኩት። እሱም ጌቶቹ የሚሉንን ነበር ያለኝ። ጥዬው ሄድኩ።

አበልጄ የቀይዋን ገንዘብ ከየት እንዳመጣው የነገረኝ መካኒኩ ነው። ሰማያዊውን ስላሸጠለት ነጋዴው የድለላውን ጠቀም አድርጎ ሰጥቶታል፤ የጎደለውን የሞላበት ያ ነው። የባለቤቴ ወርቅ በሁለቱም ትራክተሮች ውስጥ ነበረ።

ሐጂውን ሳላገኝ ማደር አልቻልኩም። ደርሼ ሰላም ስላቸው ፊታቸውን አዞሩ። የሱዳን ሽማግሌ የሰላምታ መልስ ሲነፍግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አረቡ ሬሳ ሊሸጥልኝ ነው ያልከው አንተ አይደለህም?» አሉኝ።

«ማን ነው እንዲህ ያለዎት?»

«ጓደኛህ። ጁምዓ ሳይደርስ መጥቶ አንተ ሰድበኸኝ እንደሄድክ ነገረኝ። እሱ ግን አፍሮልኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። ለትሕትናው ብዬ ነው የሰጠሁት።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እየሰሙኝ አንዱን ደረቅ ቅርንጫፍ በጣታቸው እየሰበሩ ይጥሉ ነበር። ስጨርስ «ወላሂ፣ ላንተ ነበረች» አሉ። ከዚያ ውሃ አመጡልኝና እስክጠጣ አጠገቤ ቆሙ። ሊመልሱልኝ የሚችሉት ነገር እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ስለ ወርቁ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «ለልጄ የክርስትና አባትህ ማን ነው ልበለው?» ብቻ አለችኝ።

መሬቱ ግን አይጠብቅም። በሰሉካ ዘራን። ሰሉካ ጫፉ የሾለ ረጅም እንጨት ነው፤ ቆመው መሬቱን ይወጉበታል፣ ከኋላ የሚከተለው ሰው ዘር ጥሎ በእግሩ ይደፍነዋል። እኔ ስወጋ ባለቤቴ ትጥላለች። የባለቤቴ ወንድም ሰሉካውን ሃያ ጊዜ ወግቶ ይቀመጣል፣ አርፎ ደግሞ ይነሳል። ሚስቱ መንገድ ላይ የቀረችውን ልጅ ስም እየጠራች ትዘራ ነበር፤ ማንም ዝም በይ አላላትም። በአጥሩ ማዶ ቀይዋ ትራክተር ስትመላለስ ቀኑን ሙሉ እንሰማታለን። ከሠላሳው ፈዳን አስሩን እንኳ ሳንሞላ አረሙ ቀደመን። የቀረው መሬት በዚያ በመልካም ዝናብ ሣር አበቀለ።

በመኸር ማሽላችን ለምግብ ያህል ሆነ፤ ለከርሞ ዘር ግን አላተረፍንም። ሰማያዊውን መካኒኩ እየፈታ ጎማውንና ብረቱን ሸጠልኝ። የአበልጄ አዝመራ እንደ ግድግዳ ቆሞ ነበር። ካስወቃ በኋላ ሁለት ጆንያ ማሽላ በአህያ ላከልን። እኔ መልሱ አልኩ።

ባለቤቴ አህያዋን በገመዷ ይዛ «ወንድሜ ዛሬም ሲተኛ ጎኑ ይቆጠራል። አልመልስም» አለች።

ማሽላው ገባ። እኔም ከዚያ ማሽላ በላሁ። ስንት ዓመት አልፎም ስለ ክህደቱ ሳስብ ከትራክተሯ ይልቅ የሚያመኝ ይሄ ነው፤ ተርቤ ስለነበር ጣፈጠኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አበልጄ መሬቱን ለቅቆ ወደ ካርቱም ሊሄድ ሆነ። ሊሰናበተን መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል። ባለቤቴ ወንበር ሰጠችው፤ አልተቀመጠም።

«አበልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ» አለ።

ባለቤቴ አየችኝ። ልጄም ቆሟል። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አልኩት። ስለ እኔ ይቅርታ ግን አላነሳሁም፤ እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም። የልጁን ራስ ዳሰሰና ወጣ። በእኛ ደንብ መንገደኛ እስከ መንገዱ ድረስ ይሸኛል። በረሃ ላይ በጀርባው ያዘለኝን ሰው ከተቀመጥኩበት ተነስቼ እስከ አጥሩ እንኳ አልሄድኩለትም። የሸኘችው ባለቤቴ ናት።