የስልኩ መስመር በጀፎረ ላይ

ሰኞ ንጋት፣ ወልቂጤ

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። በመኪናው ኋላ ሠራተኞቹ፣ የኬብል ጥቅል፣ አካፋና ዶማ፤ ከፊት እኔና ሾፌራችን ከድር። ከድር የቡታጅራ ልጅ ነው። «ቢስሚላህ» ብሎ ሞተሩን አስነሣ፤ ጉብሬን ሳናልፍ ነገር ጀመረኝ።

«ኢንጂነር፣ ዘንድሮም ያንኑ ቦይ ልትቆፍሩ ነው?»

«ሞቼ እገኛለሁ!» አልኩት።

ከጉንችሬ ወዲያ ወዳለው ጤና ጣቢያ የሚሄደውን የስልክ ኬብል የቀበርነው በመንገዱ ዳር ቦይ ነበር። ዝናቡ ድሮ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ይውል ነበር፤ አሁን የሳምንቱን በአንድ ከሰዓት ይዘረግፈዋል። ቦዩ ገደል ሆነ፤ ኬብሉም በየክረምቱ ይበጠሳል። አምና መስመሩ በተቋረጠ ሰሞን መኪና መጥራት ስላልተቻለ አንዲት ወላድ በቃሬዛ ወልቂጤ ተወሰደች። እሷ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ያ ቦይ ደመኛዬ ነው።

ረፋድ፣ ከጉንችሬ ወዲያ

አዲሱ መንገዳችን ጀፎረው ነው፤ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ። ከብት ይግጥበታል፣ ሰርግም ለቅሶም ይቆምበታል። ሣሩ አፈሩን ጨብጦ ስለያዘው ጎርፍ አይበላውም። ባለፈው ሳምንት ሽማግሌ ሳናማክር ችካል ተክለን ነበር። ዛሬ ችካሎቹ ተነቅለው ጤና ጣቢያው በር ላይ ተከምረው ጠበቁን።

«ጀፎረ የሁላችን ነው» አሉ የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ደግፌ። «አጥሩን ትንሽ የገፋበት ሰው እንኳ ይቀጣል። እናንተን ማን ፈቀደላችሁ?»

የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ዘይነባ ቀረብ አለች። «አባባ፣ ክረምት ሲገባ መኪና በምን ልጥራ?»

አቶ ደግፌ ከተከመሩት ችካሎች አንዱን አንሥተው ሰጡኝ።

«ይቆፈር። ሣሩ ግን ከነሥሩ ይነሣ፣ ከነሥሩ ይመለስ።»

ሐሙስ፣ በመልስ ጉዞ

ሰፈርተኛው ሁሉ በየደጁ አብሮን ቆፈረ። ኬብሉ ተቀብሮ ሲያልቅ በአቶ ደግፌ ደጅ ያለውን ሣር እኔው ራሴ መለስኩ። ጉብሬ ስንደርስ ሰማዩ ተቀደደ፤ የመስታወቱ መጥረጊያ አልቻለውም።  አዲሱም መስመር ይበጠሳል ብዬ ፈራሁ።

ቢሮ ስገባ ስልኩ ይጮሃል።

«ደግፌ ነኝ! በእኔ ደጅ የመለስከው ሣር በዝናቡ ተነሥቷል! በደንብ አልጠቀጠቅከውም!»

«ከየት ነው የሚደውሉት?»

«ከጤና ጣቢያው ነዋ! መጥተህ ታስተካክላለህ!»

እንዲህ ደስ የሚያሰኝ ቁጣ ሰምቼ አላውቅም። በመስኮት ብቅ አልኩ።

«ከድር፣ አካፋውን አታውርድ! ነገ እንመለሳለን።»