የእትዬ ውቢት ቴፕና የእናቴ ዳንቴል

የእናቴ ዳንቴል እስካሁን ሳጥኔ ውስጥ አለ። ወፍራም ነጭ ክር፣ ዳር ዳሩ ላይ አበባ ያለው። ያየው ሰው ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ይላል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የሚነሳብኝ ቅናት ነው፤ ያውም ይህን ሁሉ ዘመን ያልበረደ ቅናት።

ልጅ እያለሁ ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ቁልቁል ነበር የምንኖረው። ዘመኑ ደርግ ነው። እኛ ቤት የነበረችው አንዲት ራዲዮ ብቻ ነበረች። ድንጋይዋ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ለአንድ ምሽት ዜና ያህል ነፍስ ትዘራለች። ዜናው እንዳለቀ አባቴ ይዘጋታል፤ ዘፈን ድንጋይ ይጨርሳል ባይ ነበር። እንዲህ ሆነን ሳለ ነው እንግዲህ የአጥር ጎረቤታችን የእትዬ ውቢት ባል፣ የአሰብ መንገድ ሾፌር የነበሩት፣ ባለ ሁለት እስፒከር ቴፕ ጭነው ከተፍ ያሉት።

የመጀመሪያው ቀን ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ገብቶ ሰማ። ክራሩ በግራ፣ ከበሮው በቀኝ! እኔ መሐል ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ አንገቴን ወዲህና ወዲያ ሳዞር፣ ልጃቸው ራሔል «እንዳትነኪው!» አለችኝ። እኩያዬ እኮ ናት። ሳልነካው! በቅናት ድብን አልኩ።

እትዬ ውቢት ያን ሁሉ የሰው ዓይን ሲያዩ ፈሩ። ሲገዛ ለብሶት የመጣውን ላስቲክ መልሰው አለበሱት፤ በላዩ ላይ ደግሞ እናቴን ዳንቴል አሠሯት። በሰፈሩ እንደ እናቴ ኪሮሽ የምትይዝ ሴት አልነበረችም። ቴፑ ተሸፋፍኖ ሙሽራ መሰለ፤ ድምፁም እንደ ሙሽራ ድምፅ ዝቅ አለ።

ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስል ነበር። ባልየው ገመዱን ነቀሉ፣ ሰኩ። ካሴቱን በእርሳስ አጠነጠኑት። ራሔል በጥፊ መታ መታ አደረገችው። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ተወሰደ። ሰውየው ልብሱን ገፎ ሱቁ ውስጥ ሲከፍተው ድምፁ መንገደኛ አቆመ። «ጤነኛ ነው፣ ምንም የለበትም» ብሎ መለሰው። ቤት ገባ፣ ለበሰ፣ ታፈነ። ውጭ ደህና ሆኖ ቤት ሲገባ የሚታመም ነገር ምን ይባላል? «ዓይን ነው» ተባለ። «እዚህ ቤት እየገባ የሚያይ ክፉ ዓይን አለ።»

ስም የጠራ የለም። በማግስቱ ግን ራሔል በሩን ገርበብ አድርጋ «እማዬ እንዳትገቢ ብላለች» አለችኝ። እኔም አመንኩ። እንዴት አላምን? ያን ቴፕ እንዴት አድርጌ እንዳየሁት የማውቀው እኔ ነኝ! ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩና ዓይኖቼን አየኋቸው። የሰው ዓይን ይመስላሉ። አለቀስኩ።

እናቴ ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ፤ አልተጣላችም ግን። «ዓይን ከፈሩ፣ ዓይን የማያሳልፍ አለብስላቸዋለሁ» አለችና ከመጀመሪያው የወፈረ ሌላ ዳንቴል ሠርታ ወሰደችላቸው። የልጇን ስም ልታጸዳ ነው፣ ምስኪን። ያ ሲደረብበትማ ቴፑ ጭራሽ ሊዘጋ ምንም አልቀረው።

ጳጉሜ ላይ፣ ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ሁሉ ሲጸዳ፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል የራዲዮኑን ድንጋይ ላሰጣ ወደ አጥሩ ወጣሁ። ከማዶ ቴፑ ያገሳል! ክራሩ በግራ፣ ከበሮው በቀኝ። ቀና ስል ሁለቱም ዳንቴሎች ታጥበው ገመድ ላይ ተሰጥተዋል፤ ላስቲኩም ከጎናቸው ይንጠባጠባል። ገመዱን አየሁ፣ ድምፁን ሰማሁ፣ መልሼ ገመዱን አየሁ።

«እትዬ ውቢት!» ብዬ ጮህኩ። «ዳንቴሉ ነው! የእኔ ዓይን አይደለም፣ ዳንቴሉ ነው የሚያፍነው!»

እጃቸው በሳሙና እንደተነከረ ወጡ። አንዱን ዳንቴል ከገመዱ ላይ ሳብ አድርገው ገቡ። ድምፁ ታፈነ። ወዲያው ጥርት አለ። ደግሞ ታፈነ፣ ደግሞ ጥርት አለ። ከዚያ የሳቃቸው ድምፅ መጣ። «ውይ በሞትኩት! ነይ ግቢ የኔ ልጅ!»

መሐል፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጡኝ። ስወጣ ሁለተኛውን ዳንቴል አጥፈው እጄ ላይ አኖሩልኝ። «ለእናትሽ ስጫት። ለእናንተ ቴፕ ይሁን» አሉኝ። በፍቅር ነው ያሉት። ግን የቱ ቴፓችን? በሌላው እጄ የያዝኩት የራዲዮ ድንጋይ ነበር። ነፃ የመውጣቴ ደስታ ከአንድ ዘፈን አላለፈም። ከዚያ በኋላማ ዓይኔ ምንም እንደማያደርግ ስላወቅሁ፣ እንደ ልቤ ቀናሁ።

እናቴ ያን ዳንቴል በየእንቁጣጣሹ እያጠበች መልሳ ታስቀምጠው ነበር። «እንገዛለን፣ ምን ቸኮላችሁ» ትላለች። ሳትገዛ አለፈች።

ዘንድሮ ልጄ ሆም ቴአትር የሚሉትን፣ አምስት እስፒከር ያለውን፣ ገዝታ ሳሎኔ ውስጥ ተከለችልኝ። ድምፁ ከኋላዬ ሳይቀር ይመጣል። ያኔ አንድ ቴፕ ለሰፈር ይበቃ ነበር፤ ዛሬ ሁሉም በሩን ዘግቶ የየራሱን ይሰማል፣ የሚቀናብኝ ሰው እንኳ አጣሁ። ራሔል መጥታ ባየችልኝ እላለሁ፤ አልዋሽም። ትናንት ዳንቴሉን ከሳጥኑ አውጥቼ ትልቁ እስፒከር ላይ ዘረጋሁት።

ልጄ ከጓዳ ብቅ አለች። «እማዬ፣ ድምፁ ታፈነ እኮ። ያንን ጨርቅ አንሺው።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ለዛሬ ይልበስ። አያትሽ ለእኛ ቴፕ ብላ ያስቀመጠችው ነው።»