በእጄ የያዝኩት ሰርዶ

ዛሬ ጧት ታናሽ እህቴ ለበዓል የምንጎዘጉዘውን ሣር ታቅፋ ስትገባ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ሰርዶ መሬት ላይ ወደቀ፤ የእርጥብ አፈሩ ሽታ የአሥር ዓመት ልጅ አድርጎ ከአዳማ በታች ወዳለው ሜዳ መለሰኝ።

ያን ቀን እናቴ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። አባቴ ለሥራ በባቡር ሄዶ ስለነበር፣ አዋላጇን ከመልካሳ ወዲህ ካለው መንደር ለማምጣት ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ተነሡ፤ እኔንም አስከተሉኝ። "በመንገዱ ከዞርን ይመሽብናል" ብለው በሜዳው አቋርጠው ገቡ። ሣሩ እስከ ደረቴ ይደርስ ነበር፤ ፌንጣው ከእግራችን ሥር እየተፈናጠረ ቀሚሴ ላይ ያርፋል፤ እሳቸው ግን ኩይሳውንና ግራሩን እያዩ እንደ ገዛ ጓሯቸው ይራመዱ ነበር። እኩሌታው ላይ ስንደርስ እግራቸው የከርከሮ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወለም አላቸው።

"እኔ የከርከሮ እንግዳ ሆኜ ቀረሁ፤ አዋላጇ ያ ጭስ የሚታይበት ግቢ ናት፤ ሂጂ" አሉኝ፣ እየሣቁ እንባ አቅርረው።

"ምን እላለሁ?" አልኩ። ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ እንኳ አቤት ማለት የሚያቅተኝ ልጅ ነበርኩ፤ ኦሮምኛም እሰማለሁ እንጂ ለመናገር አፍር ነበር።

እርጥብ ሰርዶ ነቅለው አስጨበጡኝ። "ይህን የያዘ በሰላም የመጣ፣ የቸገረው ሰው ነው፤ ማንም አይመልሰውም። እንዳትጥዪው!"

በሩ ላይ ውሾች ከበቡኝ፤ ሰርዶውን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ቆምኩ። ደጃፍ የተቀመጡ ሽማግሌ ሣሩን ሲያዩ ተነሥተው ውሾቹን ገሠጹ። "ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ፤ ነይ ልጄ" ሲሉኝ አፌ ተፈታ። "ሃዳ ኮ" አልኩ፤ እናቴ ማለቴ ነበር። ሌላ አላስፈለገም፤ አዋላጇ መቀነታቸውን እያጠበቁ ወጥተው በቅሎ ላይ ወጡ። አዴ ጫልቱንም ከቀሩበት አነሣናቸው፤ በሽማግሌው አህያ፣ "እንደ ገብስ ስልቻ ተጫንኩ!" እያሉ ተከተሉን። ፀሐይ ሳትጠልቅ እህቴ ተወለደች፤ እናቴም ተረፈች።

ያ ሜዳ ዛሬ ታጥሮ ታርሷል፤ በመንገዱ መዞር ግድ ነው። አዴ ጫልቱም ባለፈው ክረምት ዐረፉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትንሽ ያነክሱ ነበር፤ "ይቺ እግር ለእህትሽ የተሰጠች ናት" እያሉ ሲቀልዱ አንገቴን እደፋ ነበር እንጂ፣ አንድም ቀን እግዜር ይስጥልኝ ሳልላቸው ቀረሁ።

ሰርዶውን ከመሬት አነሣሁት።

"ለምንሽ ነው?" አለች እህቴ።

"ተከተዪኝ" አልኳት። በመንገዱ ዞረን ወደ አዴ ጫልቱ መቃብር እስክንደርስ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ አፌ አልታሰረም።