የተነቀለው በር

ደብረ ታቦር ያለውን የአባቴን የድንጋይ ቤት እያሳደስኩ ነው፤ በጀርባው ባለ መስታወት ሳሎን አስቀጥዬበታለሁ። ዛሬ አናጢው ለሳሎኑ በር የዋንዛ ሳንቃ ሲልግ ሽታው ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ።

የአባቴ አርባ በወጣ ማግስት፣ አጎቴ የቤታችንን በር ከነመቃኑ ነቀሉት። ከተሰነጠቀው እንጨት ይኸው ሽታ ወጣ። "ወንድሜ የሠራውን በር ለባዳ ሴት አልተውም" ብለው በአንድ ትከሻቸው ብድግ አድርገውት ሄዱ።

እናቴ በባዶው መግቢያ ላይ የበሬ ቆዳ እየሰቀለች፣ "ይውሰደው። ሲያረጅ ይከብደዋል" አለች። እንደዚያ አቅልለው ሲሸከሙት አይቼ ስለነበር ነገሩ አልገባኝም። ያን ክረምት የጉና ብርድ ከእኛ ጋር ቤት ውስጥ አደረ። እናቴን ሳል የጀመራት ያኔ ነው፤ እስክትሞትም አልለቀቃት።

ከትዝታዬ ነቅቼ ቀና ስል አጎቴ ያንኑ በር በጋሪ አስጭነው፣ ከዘራ ተደግፈው ደጅ ቆመዋል።

"ልጄ፣ ንስሐ አባቴ 'በሩን ከቦታው ካልመለስክ አላቆርብህም' አሉኝ" አሉ።

እንደሚመጡ ቀድሜ ሰምቼ ነበር። የድሮውን መግቢያ በድንጋይ አስደፍኜዋለሁ፤ ሲሚንቶው ገና አልደረቀም። እጃቸውን ይዤ እዚያ ድረስ ወሰድኳቸው።

"ቦታው ይኸውልዎ" አልኳቸው። "ይመልሱት።"