ጎተራው ጀርባ የተማርነው እስክስታ

በጣልያን ዘመን እኛ የአምበር መንደር ልጆች የአውሮፕላን ድምፅ በሰማን ቁጥር አንገታችንን ቀብረን እንኮማተር ነበር። እያደር አውሮፕላኑ ቢሄድም አንገታችን አልመለስ አለ፤ እንደ ሽማግሌ ጎብጠን ቀረን። አክስቴ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። እኔን ጨምሮ ሰባት የሰፈር ልጆች ጎተራችን ጀርባ ሰብስባ በየቀኑ እስክስታ ታስመታን ጀመር። «ደረታችሁን ንፉ! አንገታችሁን አውጡ! ጎባጣ እስክስታ አያውቅም!» ትለን ነበር። ወር ሳይሞላ ጀርባችን ቀና፤ በድንጋጤ የሸሸን እንቅልፍም ተመለሰ።

የአገሩ ጭቃ ሹም ግን ጭብጨባውን ሰምቶ መጣ። «የወንድምሽ ደም ሳይደርቅ ልጁን ታስጨፍሪያለሽ? አታፍሪም?» ብሎ አክስቴን በጎረቤት ፊት አዋረዳት። «ወንድምሽ» ያለው ዱር ገብቶ ጣልያንን ሲወጋ የሞተውን አባቴን ነው። አክስቴ አንገቷን ደፋች፤ እስክስታውም በዚያው ቀረ።

ሐዘን ነውና እሺ ብለን ነበር። ሁለት ወር እንኳ ሳይቆይ ያው ሰውዬ እኛኑ ሰባታችንን ከየቤታችን ለቃቅሞ ገበያው መሐል አሰለፈን። የጣልያን ሹም ስለሚመጣ እስክስታ ምቱ አለን። ሐዘኑስ? የአባቴ ደም ያን ቀን በምን ደረቀ? ይህን ስጽፍ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ንዴቱ አልበረደልኝም።

ከበሮው ተመታ። አክስቴ እንዳስተማረችኝ ደረቴን ነፋሁ፤ አንገቴን አወጣሁ። ትከሻዬን ግን አልነቀነቅሁም። ጭቃ ሹሙ ጀርባዬን በአለንጋ ሲገርፈኝም አልጎበጥሁለትም።