ያለ ሰርቨር የተሰጠ ፈተና

ዊንጌት አካባቢ፣ ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ ባለ ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ኔትዎርክ ለጀማሪዎች አስተምር ነበር። ቦርድ ላይ ቀስት መሳል ሰልችቶኛል፤ ቀስት ሲበዛ ተማሪው ያዛጋል። ስለዚህ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ብዬ ከሰፈር እጀምራለሁ።

«ሰርቨር ማለት የእድር ዕቃ ቤት ነው» እላቸዋለሁ። «ድንኳኑም ድስቱም እዚያ ነው ያለው። እናንተ ክላይንት ናችሁ፤ ሄዳችሁ ትጠይቃላችሁ፣ ይሰጣችኋል። ዕቃ ቤቱ ከተቆለፈ ግን ሰፈሩ ሁሉ ባዶ እጁን ይመለሳል።»

ሁለተኛው የኔትዎርክ ዓይነት ግን ዕቃ ቤት የሚባል ነገር የለውም። ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚዋዋሰው ነው፤ አንዱ ወንፊት ያውሳል፣ ሌላው መሰላል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሰጪም ተቀባይም ይሆናል። አንዱ ቢጠፋ ሌሎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ የጠፋው ውስጥ ያለው ነገር ብቻ አይገኝም። ይህን ሲሰሙ ሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የራስ መነቅነቅን ማመን ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። መሥሪያ ቤታቸው ሥራውን ወደ ኮምፒውተር እያዞረ ነበር። በትምህርቱ መጨረሻ የሚሰጠውን ፈተና ካለፉ አዲሱ ገበያ፣ ከቤታቸው በእግር በሚደርሱበት ቢሮ ይቀራሉ፤ ከወደቁ ቃሊቲ ያለ መጋዘን ይመደባሉ። ጡረታ ለተቃረበ ሰው በየቀኑ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ቀልድ አይደለም። አልደብቅም፣ ከሁሉም አብልጬ እሳቸው እንዲያልፉ እፈልግ ነበር።

የፈተናው ዕለት ሰርቨራችን ጥገና ላይ ስለነበር ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ አገናኘኋቸው። ተፈታኙ የጥበቃ ሠራተኞች የፈረቃ ሰንጠረዥ ይሠራና ሌላው እንዲያየው ክፍት አድርጎ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ከመሥሪያ ቤቱ የተላከው ፈታኝ ደግሞ ሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ ከራሱ ኮምፒውተር የሁሉንም ይከፍታል።

እትዬ ከሁሉም ቀድመው ጨረሱ። ከዚያም ኮምፒውተሩን አጠፉ፣ ሶኬቱን ነቀሉ፣ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ገፋ አድርገው ወጡ። እሳቸው ቢሮ እሳት ስለሚፈራ ሳይነቅል የወጣ ሰው ጉድ ይፈላበታል። ዕድሜ ልካቸውን የሻይ ማፍያውንም ማራገቢያውንም ሲነቅሉ ነው የኖሩት።

ፈታኙ የእሳቸውን ሊከፍት ሲሞክር ኮምፒውተሩ አልተገኘም። ሮጬ ሰካሁት፣ አበራሁት፤ ስመለስ ሰንጠረዡ በፈታኙ ስክሪን ላይ ብቅ ብሏል።

«ያለው አሁን ነው» አለኝ ፈታኙ። «እኔ ስፈልገው አልነበረም። ቢሮም እንዲህ አጥፍተውት ቢሄዱስ?»

ተናደድኩ፤ ይበልጥ ያናደደኝ ደግሞ ያለው ነገር እውነት መሆኑ ነው። ወድቀዋል ብሎ ወደ ሌላው ተፈታኝ አለፈ።

እትዬ ለካ የፈታኙ ክፍል በር ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። አልተከራከሩም። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ሰንጠረዡ ግን ትክክል ነበር ልጄ?» አሉኝ።

ተመልሼ ከላይ እስከ ታች አየሁት።

«አንድም ስህተት የለውም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ቤት ስገባ ለልጆቼ እሱን ነው የምነግራቸው» አሉና ደረጃውን ይዘው ወረዱ።